ፋና ኤርካሎ እና የአያቷ እንሰት

ፋናን ያወቅኋት ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን ነው። እኔ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፣ እሷ ባዮሎጂ። ቢሯችን አንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር ነበር። አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትራመድ ሁልጊዜ የቸኮለች የምትመስል ሴት ናት። ተማሪዎቿ በሌለችበት «እንሰቷ» ይሏት ነበር። እኛ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ደረጃ ዕድገትና ስለ ቤት መሥሪያ ቦታ ስናወራ እሷ ወሬዋ አንድ ነበር፤ እንሰት፣ እሱም ቢሆን በዓይን የማይታየው የእንሰት ውስጥ።

ሥራዋን ለማስረዳት ብዙ አትራቀቅም። ከእንሰት ግንድ ልጣጭ ላይ ከሽንኩርት ቆዳ የሳሳ ሽፋን ገፍፋ፣ መስታወት ላይ በውሃ ጠብታ ዘርግታ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ሽፋኑ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሴሎች ነው። ከውጭ ሲያዩት ዝም ያለ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለታገሠ ሰው ግን በየሴሉ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተዋል፤ በክሮቹ ላይ ደቃቅ እንክብሎች ሴሉ የሚፈልገውን ነገር ይዘው ወዲያና ወዲህ ይጓዛሉ። ፋና የምታጠናው ይህን ጉዞ ነበር። መቼ ይፈጥናል፣ መቼ ይዘገያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ ይቆማል።

ይህን የመረጠችው ወድዳ ብቻ አይደለም። ያደገችው ቦምቤ አጠገብ ነው። እዚያ ቤት የሚሠራው በእንሰት ተከቦ ነው፤ ዝናብ ቢቀር፣ በቆሎው ቢደርቅ፣ ስኳር ድንቹ ቢበላሽ፣ የጓሮው እንሰት አለ ተብሎ ይታደራል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ግን አጠውልግ የሚሉት በሽታ ጓሯቸው ገባ። መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል። ከዚያ ግንዱ ሲቆረጥ እንደ መግል ያለ ነገር ያወጣል። አባቷ አቶ ኤርካሎ የታመመውን እየነቀሉ አቃጠሉ፤ በሽታው ግን ቀደማቸው። ጓሮው ግማሽ በግማሽ ባዶ በሆነበት ክረምት እሳቸውም በሳንባ ምች ሞቱ። ሰው ሁሉ ሐዘን ነው የገደላቸው አለ። ፋና ግን፣ «ቅጠሉ ከመጠውለጉ በፊት ውስጡ የሆነ ነገር መቆም አለበት» የሚል ሐሳብ ይዛ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ማስተርሷን አዲስ አበባ ጨርሳ ሶዶ ተቀጠረች፤ እያስተማረች ዶክትሬቷን ጀመረች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኢሳይያስ የሚባሉ፣ ቁጥብ ግን ደግ ሰው ነበሩ። ሙከራዋ ቀላል ነበር፤ በሕይወት ባለ ሽፋን ላይ የበሽታውን ባክቴሪያ ጨምራ በሴሉ ውስጥ ያለው ጉዞ ምን እንደሚሆን ታያለች። በሞከረችው እንሰት ሁሉ ውጤቱ አንድ ሆነ። ጉዞው ይዘገያል፣ እንክብሎቹ ይበታተናሉ፣ ከዚያ ጭራሽ ይቆማል። አንዴ ከቆመ የሚመለስ የለም።

በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ከሰዓት በሬን ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች።

«ና! ና እይልኝ። ዓይኔ እየዋሸኝ እንደሆነ ንገረኝ።»

ሄጄ አጎንብሼ አየሁ። ምንም አልነበረም፤ ቆሟል። «ቆሟል» አልኳት።

«ዓይንህን አታንሳ።»

አላነሳሁም። አንገቴ ሊሰበር ሲደርስ ከሴሉ ጥግ አንዷ እንክብል ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ሌላዋ። ቀስ እያለ፣ ባክቴሪያው ወደተጠጋበት ግድግዳ ይጎርፍ ጀመር።

«እየሄደ ነው» አልኩ።

ፋና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያ ሽፋን የተገፈፈው እናቷ ጓሮ ከነበረ አንድ የእንሰት ዓይነት ነው። ቅጠሉ ጠበብ ያለ፣ ጀርባው ላይ ቀላ ያለ መስመር ያለው ነው። አያቷ ከሃላሌ በኩል ተድረው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ስለሆነ ቤተሰቡ «የአያት ኡታ» ይለዋል፤ ኡታ በወላይትኛ እንሰት ነው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ያ ቀርቶ ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ አሳየሽም ይህን በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የሚያስረዱት።

ወይዘሮ አሳየሽ በዚያው ሰሞን ለዓይን ሕክምና ሶዶ መጡ። ፋና ቤተ ሙከራ አስገብታ ማይክሮስኮፑን ዝቅ አደረገችላቸው። በደህናው ዓይናቸው ብዙ ቆይተው አዩ።

«ይሄ የኔ ጓሮ ነው?»

«አዎ አዬ» አለች ፋና፤ እናቷን እንደ አገሩ አዬ ነው የምትለው።

«ይሄ ሁሉ ሩጫ ውስጡ ነበረ?»

«ነበረ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው ልጃቸውን በቁም ነገር አዩዋት። «ታዲያ እንዲህ በሕይወት ያለውን ነገር ለምን ቆረጥሽው?»

ፕሮፌሰር ኢሳይያስ ዜናውን ሲሰሙ አልጨፈሩም። በስልክ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ተክል ማስረጃ አይሆንም» አሏት። «አባዢው። ከሌሎቹ ጋር ደባልቀሽ ትከዪ፣ በሽታውን አስይዢና ተከታተዪ። ያኔ እንነጋገራለን።»

እንሰት የሚባዛው ከሥሩ ነው። ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥር፣ አሚቾ የሚሉት፣ ተነቅሎ ከፍግ ጋር ሲቀበር ዙሪያውን ቡቃያ ያወጣል። ወይዘሮ አሳየሽ ከነበራቸው የአያት ኡታ ሁለት እግር ብቻ ለራሳቸው አስቀርተው የቀረውን ለልጃቸው ሰጡ። ፋና ግቢያችን ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ ተፈቅዶላት፣ አጥር አጥራ ቀበረችው። ጠዋት ከክፍል በፊት፣ ማታ ከክፍል በኋላ እዚያው ናት። ቡቃያው ሲወጣ ሕፃን እንደተወለደላት ሰው መምህራኑን እየጎተተች አሳየች። ብዙዎቹ በትሕትና አይተው ሄዱ።

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ግንባታ ላይ ነበር። ግቢያችንም በዚያው ዓመት ይህን ያህል ተማሪ ትቀበላላችሁ ተብሎ፣ ማደሪያ ሕንፃ በጥድፊያ ይሠራ ነበር። ጥር ወር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ፋና ሻንቶ የዘመድ ለቅሶ ሄዳለች። እኔ ፈተና ላርም ገብቼ የዶዘር ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። በኋላ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ብድግ ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ አጥሩ የለም። ዶዘሩ አፈሩን፣ ቡቃያውን፣ የሽቦውን እንጨት አንድ ላይ እየጠረገ ቆልሎታል።

«አቁም! ጥናት ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጎንበስ ብሎ ሰማኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ፣ እኔ የታዘዝኩት እስከ ግንቡ ድረስ ጥረግ ተብዬ ነው። እንሰት ነው ያየሁት፣ ሌላ ምን አየሁ?»

ደወልኩላት። ከሻንቶ የለቅሶ ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። ተንበርክካ የአፈሩን ክምር በእጇ መቆፈር ጀመረች። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ዘነቡ ከአንድ ወገን፣ እኔ ከሌላው ወገን ቆፈርን። ያገኘነው የተጨፈለቀ፣ የዶዘሩ ሰንሰለት የረገጠው ነገር ነበር። ደህና የመሰለውን መርጣ በሌላ ቦታ ቀበረች፤ በሳምንቱ በስብሶ ሸተተ።

ሰኞ ዕለት አቤት ልትል ስትሄድ ተከትያት ገባሁ። የግቢው ኃላፊ አዘነላት፣ ወንበር ሰጣት። ከዚያ ግን እንዲህ አላት፦ «መምህርት ፋና፣ እንሰት እኮ ነው። ወላይታ ውስጥ እንሰት የት ይጠፋል?»

ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

አሁን የቀሩት ቦምቤ ያሉት ሁለት እግሮች ብቻ ናቸው። መሬቱ ደርቆ ስለነበር የበልግ ዝናብ ሲጀምር አንዱን ልትነቅልና ልትቀብር ከእናቷ ጋር ተስማማች። የካቲት አለፈ። መጋቢት አለፈ። ዝናቡ አልመጣም።

የ2000 ዓ.ም.ን በልግ ወላይታ የኖረ ሰው አይረሳውም። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደረቀ። ከመንገድ ሲያዩት አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ዛፉም ሣሩም አለ፤ ጎጆ ውስጥ ግን የሚበላ የለም። ወይዘሮ አሳየሽ ከሴፍቲኔት ዕርዳታ ውጭ ነበሩ፤ ቀበሌው «ልጅሽ ደመወዝተኛ ናት» ብሎ ዘለላቸው። ወንድሟ ጩማ አዋሽ ወርዶ ሸንኮራ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር፤ ሚስቱ ሳህሊቱና ልጆቹ ከአሮጊቷ ጋር ይኖራሉ። ፋና ኩንታል በቆሎ ገዝታ ላከች። እናቷ ከረጢቱን ከፍተው ለጎረቤቱ ሁሉ በጣሳ አካፈሉ።

«አዬ፣ ለእናንተ እኮ ነው የላክሁት» ብትላቸው በስልክ፣

«በየቤቱ ልጅ እያለቀሰ የኔ ቤት ጭስ ሲወጣ ልታዪ ነው?» አሏት።

ግንቦት ውስጥ የጎረቤት ሰው ደውሎ የወንድሟ ትንሿ ልጅ ሃይማኖት መታመሟን ነገራት። የነበረችበትን ክፍል ጥላ ወጣች። በአረካ በኩል ቦምቤ ስትደርስ ቀኑ ሊመሽ ተቃርቦ ነበር፤ ገበያው እህል ካየ ሰንብቷል። ሃይማኖት እግሯ አብጦ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ ዝንብ ስታርፍባት እንኳ አትከላከልም። ጤና ኬላው ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒነት የሚሉት የለውዝ ምግብ አልቆበት በሚመጣው ሳምንት ተመለሱ ብሏቸዋል። ፋና ጓሮ ወጣች። ከሁለቱ የአያት ኡታ አንዱ የለም፤ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ከሁለተኛው አጠገብ እናቷ ቢላ ይዘው ቆመዋል።

ይህን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የነገረችኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«አዬ፣ ይህችን ተዪልኝ» አለች። «ነገ ማለዳ አረካ ወርጄ በቆሎ አመጣለሁ።»

«ነገ ለጠገበ ሰው ነው፣ ልጄ።»

«ግንዱን ፋቂው፣ ውሰጂው። አሚቾውን ብቻ ተዪልኝ። ከእሱ ስንት ቡቃያ እንደሚወጣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ግንዱ ቆጮ እስኪሆን ሳምንታት ይፈልጋል። ዛሬ ተቀቅሎ ዛሬ የሚበላው አሚቾው ነው።»

«አዬ፣ ይህ እንሰት ካለቀ… የኛ ቤት ብቻ አይደለም እኮ። የአገሩ ሁሉ ጓሮ በዚህ ሊድን ይችል ይሆናል።»

«ይችል ይሆናል?»

ፋና ይችላል ለማለት ማስረጃ አልነበራትም፤ ማስረጃው ዶዘር ሥር ነው የቀረው።

እናቷ አልተቆጧትም። ቢላውን በእጀታው በኩል አዞሩላት። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ወስኚ» አሏትና ጎጆው በር ላይ ሄደው ተቀመጡ። በሩ ላይ ሳህሊቱ ሃይማኖትን አቅፋ፣ የጎረቤት ሴቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ያያሉ። ልመናም፣ ወቀሳም የለም። ይጠብቃሉ።

«እናቴ ብትነጥቀኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ ፋና።

ራሷ ቆረጠችው። ራሷ ነቀለችው። ከአሚቾው አናት፣ ቅጠል ከሚወጣበት ልብ፣ የጡጫ ያህል ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች፤ የቀረው ድስት ገባ። እናቷ ለእሷም አቀረቡላት። አልበላም ስትል፣ «በገዛ እጅሽ ያመጣሽውን አልበላም አይባልም» አሏትና በላች።

«ጣፋጭ ነበር» አለችኝ። «እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»

ሃይማኖት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ አስመለሰችው። በማግስቱ ፋና ልጅቷን አዝላ፣ የተጠቀለለውን ጨርቅ በብብቷ ይዛ ሶዶ ገባች። ሆስፒታል በተሰጣት ወተት ነው ልጅቷ የተረፈችው። አሚቾው ለእሷ ምንም አላደረገላትም። ሌሎቹ ግን በልተው አድረዋል፤ ፋናም በማግስቱ አረካ ላይ የገዛችውን በቆሎ በጎረቤት ሰው እጅ ላከች። አንድ ቀን። ልዩነቱ አንድ ቀን ነበር።

የአሚቾውን ልብ ይዛ ወደ ቤተ ሙከራ መጣች። ከተቆራረጠ ክፋይ ተክል ማብቀል ይቻላል፤ ንጹሕ ብልቃጥ፣ ምግብ ያለው ረጋ ያለ ፈሳሽ፣ ልኩን የጠበቀ ሙቀት ይፈልጋል። ምግቡን እኔ ቀመምኩላት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የመዘንኩት ነገር የለም። ዘነቡ ብልቃጦቹን ቀቀለች። ፋና ክፋዮቹን በበረኪና አጥባ፣ አንድ በአንድ አስገባቻቸው።

እንሰት ሲቆረጥ ይጠቁራል። ከብልቃጦቹ አብዛኞቹ ወዲያው ጠቆሩ። መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ ክፍሉ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል። በቀሩት ላይ ሻጋታ ወጣ። አንዷ ብቻ ነጭ እንደሆነች ቆየች፤ ጫፏ ላይ አረንጓዴ የሚመስል ነገር ታየ። ፋና ቤቷ መሄድ አቆመች። ዘነቡ ምግብ ታመጣላት፣ ታስገድዳት ነበር። አንድ ቀን ስገባ ብልቃጧ ባዶ ሆና ታጥባ ተደፍታለች። ፋና ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ፈተና ታርማለች።

«ጠቆረች?» አልኳት።

«ጠቆረች» አለችና ማረሟን ቀጠለች።

ፕሮፌሰር ኢሳይያስ ከአዲስ አበባ ድረስ መጡ። ያን ቀን በካሜራ የቀረጸችውን የሴሉን ጉዞ ደጋግመው አዩ። «ፋና፣ ያየሽውን አምናለሁ» አሏት። «የኔ ማመን ግን ለማንም አይበቃም። ርዕስ ቀይሪ። ጊዜሽ እያለቀ ነው።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይቀይሩ ነበር?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እቀይር ነበር። ከዚያም ዕድሜዬን ሙሉ እቆጭ ነበር።»

ቀየረች። በስኳር ድንች ቅጠል ላይ ሠርታ ዶክተር ሆነች። በምረቃዋ ዕለት እናቷ በሕይወት አልነበሩም።

ተስፋዋ ግን ቶሎ አልሞተም። አያቷ ከሃላሌ በኩል ስለመጡ ዘሩ እዚያ ይኖራል ብላ አሰበች። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ትሄዳለች። እኔም አንዳንዴ አብሬያት ሄጄ ነበር። አጠውልግ እዚያም ቀድሟት ደርሷል። ጓሮው ሁሉ የባሕር ዛፍ ችግኝና የበቆሎ አገዳ ሆኗል። ሰዎች እንግዳ ወደ እንሰታቸው እንዲጠጋ አይፈልጉም፤ ትክክልም ናቸው፤ በሽታው በቢላና በእጅ ነው የሚተላለፈው። አንዲት ባልቴት፣ ጀርባው ቀላ ያለ እንሰት ከቤታቸው ኋላ እያየነው፣ በሩ ላይ ቆመው ከለከሉን።

«ልየው ብሎ የመጣ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው የጠወለገብኝ» አሏት።

ፋና አልተከራከረችም። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ሄደች፤ በሚቀጥለውም። ባልቴቷ በመጨረሻ ለመዷት፤ በራሳቸው ቢላ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ ከግንዱ ልጣጭ ትንሽ ቆርጠው ሰጧት።

ሶዶ ይዘነው የገባን ዕለት ዘነቡም ሳትጠራ መጣች። ፋና ሽፋኑን ገፈፈች፣ ዘረጋች፣ ባክቴሪያውን ጨመረች። ተራ በተራ አየን። ጉዞው መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ዘገየ፣ እንክብሎቹ ተበታተኑ፣ ቆመ።

«ዓይንህን አታንሳ» አላለችኝም። እሷው አጎንብሳ ጠበቀች። ውጭ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ። ዘነቡ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ፋና ጠበቀች። ዓይኗ እንባ ሲያወርድ በእጅጌዋ ጠርጋ ደግማ አጎነበሰች። ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ቀና ስትል ፊቷ አልተለወጠም። መስታወቱን አንስታ አልኮል ውስጥ ከተተች።

«ያ ሌላ ዘር ይሆናል» አልኳት። «መልኩ ተመሳስሎ ነው።»

«ይሆናል። ወይም ያኔ ባክቴሪያው ደክሞ ነበር። ወይም ውሃው። ወይም እኔ» አለች። «የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ገባህ? ያን ቀን አገር የሚያድን ነገር ቀቅለን በልተን እንደሆነ፣ ወይም እንሰት ብቻ በልተን እንደሆነ፣ እሱን እንኳ የማውቅበት መንገድ የለኝም።»

«እኔ አይቻለሁ። ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተ ኬሚስት ነህ» አለችኝ፤ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ዘነቡ መጋረጃውን ገለጠች። ፋና ማይክሮስኮፑን አልብሳ፣ ጠረጴዛውን ወልውላ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ክፍሏ ገብታ አስተማረች፤ በኮሪደሩ ሳልፍ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፣ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሃላሌ አልሄደችም። እኔ በ2008 ዓ.ም. ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ለበዓል እንደዋወላለን። ስለ ጤናዋ ትነግረኛለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ስለ እንሰት አንስታ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።